የባኪስዮ የባቄላ ቅርጫት

በሚያዝያ አንድ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ሽማግሌውን ባኪስዮን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። ለልጅ ልጃቸው ለኢኛሲያ ልጅ የለቀሙትን እሸት ባቄላ በቅርጫት ይዘው ደስ ብሏቸዋል። ወዲያው ኢኛሲያ ወጥታ ቅርጫቱን ከእጃቸው ወሰደች። ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ነበርኩና ክርክር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ቆምኩ።

የልጁ የደም ምርመራ ውጤት ደርሶ ኖሯል። ቀዩን ደም የሚጠብቅ ነገር ከትውልድ እንደሚያንሰው፣ ባቄላና አንዳንድ መድኃኒት ደሙን እንደሚያፈርስበት በትሕትና አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ደሴታችን ሰርዴኛ በባቄላ ያደገች አገር ናት፣ ሐኪም ሥራ ሲፈታ በሽታ ይፈጥራል አሉ።

«አባባ፣ ከእርስዎ እኮ ነው የወረደው። በእናቴ በኩል ለእኔ፣ ከእኔ ለልጁ።»

«ከእኔ? እኔ ታምሜ አላውቅም። በሃያ ዓመቴ ቢጫ ሆኜ ሽንቴ የጠቆረው እንኳ የፔፒካ ዓይን ነው። ‹እንዴት ያለ ትከሻ ነው!› ብላኝ በማግስቱ ወደቅኩ።»

ፔፒካ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው ናቸው። ባኪስዮ ሃምሳ ዓመት ሰላም አላሏቸውም፤ መንደሩም ፔፒካን ሲያይ ልጁን ይሸሽግ ነበር። ሳያገቡ ቀሩ። ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኛል።

«የዚያን ቀን ምን በልተው ነበር?» አለች ኢኛሲያ።

«የፔፒካን አባት እርሻ ስናርም ውለን... እሸት ባቄላ። ከአይብ ጋር።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ሽታውንም አልወደው።»

ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እኔም ኢኛሲያም አልገፋናቸውም። ቆይተው ልጁ ኳስ ይጫወት እንደሆን፣ ሲያድግ ሚስት ያገባ እንደሆን ጠየቁ። ሁሉንም ያደርጋል፣ ባቄላ አይቀምስም፣ ለሐኪም ሁሉ አስቀድሞ ይናገራል፣ የማይወስዳቸው መድኃኒቶች የተጻፉበት ካርድ ከኪሱ አይለይም አለቻቸው። እርስዎም ይመርመሩ ስትላቸው እሺ አሉ። እንዲህ ቀላል ነገር ሳይታወቅ የአንዲት ሴት ዕድሜ ማለፉ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባኪስዮ ኢኛሲያ ያስቀመጠችውን ቅርጫት አንስተው የፔፒካን በር አንኳኩ። አሮጊቷ ከፈቱ።

«ዓይንሽ አልነበረም» አሉ ባኪስዮ። «ያኔ የጣለኝ ባቄላው ነው። በድዬሻለሁ።»

ፔፒካ ቅርጫቱን አዩ፣ እሳቸውንም አዩ። እንባቸው መጣ፤ በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉት።

«እኔ ይህን ስበላ አንተ ጦምህን ልታየኝ ነው?» አሉ። «ግባ፣ አይብ አለ።»