ዳኪ፣ ስምንት ፍየሎቿ እና የኔ ሳር

በኛ ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲበድል ቢያንስ ጀርባውን እስኪያዞር ይጠብቅ ነበር፤ ዳኪ ግን እኔን የበደለችኝ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ቁልፌ፣ በስምንት ፍየል ነው። እስቲ ዝም ብላችሁ ስሙኝና ፍረዱ። አንቺ እዚያ ጥግ ያለሽው፣ ገና ሳልጀምር አትሳቂ።

ዳኪን ታውቋታላችሁ፣ ከዚህ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ያለችው ናት። እኛ እዚህ ቡቲዬ ሰፈር ስንገባ እሷ ቀድማን ነበረች፣ እና ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ጎረቤታሞች ነን፤ የኔን ልጆች አዝላልኛለች፣ የሷንም አዝዬላታለሁ። አማርኛውን የለመደችው ከድንበሩ ማዶ ሞያሌ ቅቤ ስትሸጥ ነው፣ እኔንም በቦረናዎቹ ቋንቋ አዴ፣ እሜቴ እንደማለት፣ ትለኛለች፤ ስታወራ ይቸግራታል፣ ስትሳደብ ግን ከኔ ትበልጣለች።

ሳሩን ደግሞ ልንገራችሁ። እኔ ወደዚህ አገር ስሻገር ልጅ ነበርኩ፣ ከዚያ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ስንት ዓመት አቧራ ላይ ተኛሁ፣ አቧራ በላሁ፣ አቧራ ለበስኩ። እና ያኔ ለራሴ የነገርኩት አንድ ነገር አለ፤ አንድ ቀን የራሴ በር ሲኖረኝ ከበሩ ውስጥ የማይበላ፣ የማይሸጥ፣ እንዲያው ዝም ብለው የሚቀመጡበት አረንጓዴ ነገር ይኖረኛል። ታዲያ ባለቤቴ የጭነት መኪና ነጂ አይደል፣ ከሜሩ ሲመለስ ደቃቁን ሰርዶ ከነሥሩ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣልኝ፣ እኔም እዚያ ተንበርክኬ በጣቴ አንድ በአንድ ተከልኩት። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ላም የላት፣ ሳር ትተክላለች አሉ። ይበሉ። ከሰዓት በኋላ ጫማዬን አውልቄ ስረግጠው ከኔ በላይ ማን አለ?

ታዲያ ያ ክፉ በጋ መጣ። ዝናቡ አንዴ ቀረ፣ ሁለተኛም ቀረ። ሳሬ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ነጭ ሆነ፣ በመጨረሻ የሽማግሌ ፂም መሰለ። ውሃ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት ጊዜ ሳር አላጠጣም፣ ያን ያህል አላበድኩም። ግን ሥሩ እንዳለ አውቃለሁ፤ በጣቴ ቆፈር ሳደርገው ውስጡ ነጭ ነው፣ ሕይወት አለው። እንደዚህ እያልኩ ዝናብ ስጠብቅ ከድንበሩ ማዶ ያለችው እህቴ ወለደች፣ እና ሦስት ቀን ልሄድ ሆነ። ለዶሮዎቼ ጥሬ የሚበትን ሰው ያስፈልጋል። ቁልፉን ለማን ልስጥ? ለዳኪ ነዋ።

በአራተኛው ቀን በሩን ገፋ ሳደርገው ሳር የለም። ቅጠሉ ይቅር፣ ሥሩም የለም፤ በሰኮና ተቆፍሮ፣ ተነቅሎ፣ ቀይ አፈር ብቻ፣ በአፈሩም ላይ የፍየል በጠጥ እንደ ሽምብራ ተበትኖ። ስምንቱም እዚያው ቆመው እኔን እንደ እንግዳ ያዩኛል፣ አንዷማ ምን ፈልገሽ ነው የምትል ነው የምትመስለው። ስጮህ ዳኪ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች። ትደነግጣለች ስል አልደነገጠችም።

«አዴ አስካለ፣ ሞቶ ነበር እኮ። ለቅሶ ልቀመጥልሽ?» አለችኝና ሳቀች።

አያችሁ? እኔ ፍየሎቿ አጥንታቸው ወጥቶ እንደነበር አይቻለሁ፣ ቦሪ ገጠር ያሉት ዘመዶቿ ከብት ማለቁንም ሰምቻለሁ፣ ድንጋይ አይደለሁም። ብትጠይቀኝ እሰጣት ነበር። አይ፣ ለምን እዋሻችኋለሁ፣ አልሰጣትም ነበር። ግን መጠየቅ ነበረባት። እና እኔን ያቃጠለኝ ፍየሎቹ አይደሉም፣ ሳቋ ነው። ቁልፌን ተቀበልኩ፣ ሰላምታዬን ነሳኋት፣ በዚያው ተዘጋጋን። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ያን ቀይ አፈር ስረግጥ አንዱን ነገር ለራሴ አውቄዋለሁ፤ ይህ ሳር ካልተመለሰ እኔና ዳኪም አንመለስም። በአጥሩ ቀዳዳ የምንለዋወጠው ጨው ቀረ፣ ወሬ ቀረ። ያለ ወሬ በቡቲዬ እንዴት ይኖራል፣ እስቲ ንገሩኝ?

አሁን መጽሐፉ ይመጣል። ያገለገለ ልብስ የሚሸጡት፣ ምቱምባዎቹ ጋ፣ ከልብሱ ክምር ሥር አንዳንዴ መጽሐፍ ይገኛል። ሽፋን የሌለው አገኘሁ፣ እንግሊዝኛ ነው፣ ስለ ጓሮ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ እንግሊዝኛን ያስተማረኝ የዱቄት ከረጢትና የመድኃኒት ወረቀት ነው፣ የማይገባኝን እዘለዋለሁ፣ የገባኝን ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ። እና እዚያ ውስጥ አንድ ምዕራፍ አለ፣ ሙሉውን ስለ ሳር፤ ከከባድ ብርድ በኋላ የሞተ የመሰለ ሳር እንዴት ይነሳል የሚል። በነሱ አገር በረዶ ለወራት ይተኛበታል፣ ያፍነዋል፣ ያጣብቀዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል ይላል። በረዶውን አላየሁትም። በሳሩ ላይ ያደረሰውን ግን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ይሄ በረዶ የሚሉት የኛ በጋ ነው አልኩ፣ እና በረዶ በተባለበት ሁሉ በጋ እያልኩ አነበብኩት። ልክ ገጠመልኝ።

መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ሰፈሩ ሁሉ እየዘለለ ሲወጣ እኔ በር ላይ ቆሜ ማንም እንዳይረግጥ ስል ነበር፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ጭቃ ሲሆን አትርገጡት ይላል። ከዚያ የሞተውን ሁሉ አበጥሩ ይላል፤ የሚያበጥር ነገር የለኝም፣ ጣውላ ላይ ምስማር መታሁና እንደ ሰው ፀጉር አበጠርኩት። እውነትም ከሥር፣ ከሰኮናው ያመለጠች፣ ክር የምታህል ሥር እዚህም እዚያም አለች። ተንበርክኬ ሳቅሁ፣ ብቻዬን። ከዚያ ደግሞ መሬቱ እንዲተነፍስ ውጉት ይላል፤ ሥዕሉ ላይ አንዲት ሴትዮ ከሥሩ ምስማር ያለው ጫማ አድርጋ ሳር ላይ ትሄዳለች።

እኔስ ከማን አንሳለሁ? የባለቤቴን አሮጌ የጎማ ጫማ ይዤ ጫማ ሰፊው ፉንዲ ዘንድ ሄድኩ፣ በእያንዳንዱ ላይ አሥራ ሁለት ረጅም ምስማር ምታልኝ አልኩት። ምን ልታደርጊበት ነው አለኝ። ልሄድበት አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም፣ ግን ለሰው ሁሉ ነግሯል።

እና አደረግሁት። የልብስ ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ፣ አንድ እግሬን ስረግጥ ጥርቅ ብሎ ይገባል፣ ለማንሳት ግን በሬ ነው የሚያስፈልገው። ስጎትት እግሬ ብቻ ይወጣል፣ ጫማው እዚያው ተተክሎ ይቀራል። እንደገና አጎንብሼ እነቅላለሁ፣ እንደገና እረግጣለሁ፣ ገመዱ ይወዛወዛል፣ እኔም ከነአንሶላው እወዛወዛለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገቤ። ሰው በአጥሩ ላይ ተደርድሮ ያየኛል፣ እኔ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ታዲያ ወሬው ዳኪ ጆሮ ሲደርስ ሌላ ሆኖ ደረሰ። አስካለ ከመጽሐፍ ድግምት አውጥታ በዳኪ ላይ ምድርን በምስማር እየወጋች ነው ተባለ። ዳኪ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጉልበቷን ይዟታል። አለቀ። እኔ አንድ ጊዜ በረገጥኩ ቁጥር ጉልበቴን ይወጋኛል አለች፣ እሁድ ሳልረግጥ ስውል አሻለኝ አለች፣ ሰኞ ስረግጥ እንደገና ጮኸች። እና ሽማግሌ ላከችብኝ። የላከችው አባ ጉዮን ነው፣ እኚያን በትራቸው ቀድማቸው የምትገባውን፣ እሳቸው ካሉ ያሉት ነው።

ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ጫማውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ይህ ምንድን ነው አሉኝ። መጽሐፉን አመጣሁ፣ ሥዕሉን አሳየኋቸው፣ በረዶውን፣ በጋውን፣ የመሬቱን መተንፈስ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣

«እስቲ አምጪው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ጫማውን።»

እምቢ ልበል? ሰጠኋቸው። አጠለቁ፣ በትራቸውን በአንድ እጅ፣ የልብስ ገመዱን በአንድ እጅ ይዘው ሄዱ፤ ጥርቅ፣ ጥርቅ፣ ጥርቅ። መሀል ላይ ሁለቱም እግራቸው ተተከለ፣ አልንቀሳቀስ አሉ፣ እና መሳቅ ጀመሩ፣ እኔም ልጎትታቸው ሄጄ መሳቅ ጀመርኩ፣ አቅሜ ሁሉ አለቀ። ይህን ጊዜ ዳኪ ድግምቱን ያስቆምልኛል ብላ የላከችው ሽማግሌ ምስማር አድርጎ ሲጨፍር በአጥሩ ላይ አየች።

«አባ ጉዮ፣ እርስዎም?» አለች፣ እንደሚያለቅስ ሰው።

«ጉልበትሽን አሁን ወጋሽ?» አሏት።

አልወጋትም ነበር። አንገቷን አስገባች።

ያን ቀን አባ ጉዮ ፈረዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓርብ ከሰዓት ዳኪ እርጥብ ሳር በእጇ ይዛ በዋናው በር ትምጣ አሉ። እናንተ የከተማ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ፣ በቦረና ወግ አረንጓዴ ሳር ይዞ ለይቅርታ የመጣን ሰው አይመልሱትም፣ ደም ቢኖር እንኳ። ተቀበይ አሉኝ፣ እቀበላለሁ አልኩ።

እና መጠበቅ ሆነ። እኔ የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ ሁሉ ሳልደፋ እሱ ላይ አፈሳለሁ፣ ሳሩ አንድ ቀን ጣት አከለ፣ አንድ ቀን ሁለት ጣት። ከሁሉ ይልቅ የት እንደሸፈነ ልንገራችሁ? በጠጡ የተበተነበት ቦታ። መጽሐፉም ፍግ አድርጉ ይላል፣ ስምንቱ ቀድመው አድርገውታል። ይህን አይቼ ለማንም አልተናገርኩም።

ዝናቡ ግን ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ጠፋ፣ እና ከአስፋልቱ ጀምሮ እስከዚህ ድረስ የበቀለውን ሁሉ የሰፈሩ ፍየል ላጨው። ዓርብ ደረሰ። አባ ጉዮና እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ከቆርቆሮው ሥር አንድ እጅ ብቅ አለ። እጅ ብቻ። አምባሩን አወቅሁት። እጁ ወዲህ ዳሰሰ፣ ወዲያ ዳሰሰ፣ ሳሩን መረጠ፣ ያዘ፣ ጎተተ። ሰርዶ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ አንዱን ሲስቡት ወንድሙ ይከተለዋል፤ ትስባለች ይመጣል፣ ትስባለች ይመጣል፣ ከጥጉ አንድ ክንድ ያህል ተፈታ። ዘልዬ ልነሳ ስል አባ ጉዮ በትራቸውን ጉልበቴ ላይ አጋደሙት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ተቀመጪ» አሉኝ፣ «ይቅርታ እየመጣ ነው።»

እና መጣ። በዋናው በር፣ ነጭ ሻሽ አስራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሳሩን በሁለት እጇ እንደ ሙሽራ ይዛ፣ ክርኗ ድረስ ቀይ አፈር። ከፊቴ ቆመች።

«አዴ አስካለ፣ ፍየሎቼ በልተዋል፣ እኔም ስቄብሻለሁ። ሁለቱንም ይቅር በይኝ» አለችኝ፣ እና ድምጿ እውነት ነበር፣ ያንን አልክድም። ወራት ሙሉ ያልሰማሁት ድምጿ ነው።

ዝም ብዬ ብቀበል ምን ነበረበት? ምላሴ አይችልም። ሳሩን ከየት አገኘሽው አልኳት።

«ከቦሪ ነው» አለች። «በቦዳ ሞተር ሄጄ።»

«ሩቅ ነው።»

«ሩቅ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ፤ ቀጥላ ደግሞ በዝግታ፣ «እዚያ ሳሩን ያሳመረው የፍየል ፍግ ነው አሉኝ» አለች።

አባ ጉዮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ እሷም ከሥር አየችኝና ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። ትንፋሼ ሲመለስ እጇን ከነሳሩ ያዝኩና እንዲህ አልኳት፦

«ይቅር ብዬሻለሁ ዳኪ፤ የቦሪውን ሳር ግን ሥሩ ሳይደርቅ እዚያ ጥግ አሁን በተላጨችው ቦታ ላይ ትከዪልኝ፣ ውሃውን እኔ አጠጣለሁ።»