አውሎ ነፋስ የበዛበት ዓመት

— ሄሎ? … አዎ፣ ጋርላንድ ነኝ። … እትዬ ቨርና! … አይ፣ ምን ሥራ ያስፈቱኛል፣ ገና መኪና እየጫንን ነው። … አንዴ ይቆዩኝ። ራስል፣ ሞተሩን አጥፋው እስቲ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ግብሬን በነጻ የሠሩልኝ ሴትዮ ናቸው። … እሺ፣ አሁን ይሰማኛል።

— ስህተት? … ለጡረታ ያስቀመጥኳት ሰባት ሺህ ዶላር? አዎ፣ ዓምና በአዲስ ዓመት ማግስት ነው ያስገባኋት። ሁሌም እንደዚያ ነው፤ እጄ ላይ ከዋለች ጀልባ ገዝቼባት ታልቃለች። … ገቢዬ በለጠ? ብዙ ያገኘ ሰው ለጡረታው አያስቀምጥም እንዴ? … እ… እዚያኛው ሂሳብ ላይ ብቻ። ሲያወጡት ግብር የሌለበት ላይ። … ገባኝ፣ የገቢ ጣሪያ አለው።

— እኔ በአዲስ ዓመት በምን አውቃለሁ፣ እትዬ? የመብራት መስመር ጠጋኝ ገቢውን የሚያውቀው ነፋሱ ሲቆም ነው። ዓምና ሦስት አውሎ ነፋስ፣ ሰባ ቀን ምሰሶ ላይ፣ ያውም በእጥፍ ክፍያ። … ዝም ብዬ ብተወውስ? … በየዓመቱ ስድስት ከመቶ ቅጣት? እስካወጣው? … ጡረታዬ እኮ ሃያ ዓመት ይቀረዋል።

— ይስተካከላል? … ደውዬ ወደ መደበኛው የጡረታ ሂሳብ አዛውሩልኝ ልበል፣ ከነትርፉ። እስከ ረቡዕ፣ የግብሩ ቀነ ገደብ ሳያልፍ። … ራስል፣ እስክሪብቶ። … ካርቶን ላይ እጽፈዋለሁ፣ ግድ የለም። … ከዚያ ቅጣት የለም? ምንም?

— ምን ልበልዎ። ዓርብ ጨርሰን ተለያይተን አልነበር? ማን ተመልሶ ያያል? … ልብዎ አልረጋ ብሎ? ያለ አምስት ሳንቲም ክፍያ? … አንድ ባልዲ ሽሪምፕ ላምጣልዎ እንጂ። … ስጦታ መቀበል ክልክል ነው? ሽሪምፕም?

— እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እዚህ ሠራተኛውን ሁሉ፣ ሳትበሉት በአዲስ ዓመት ማግስት አስገቡ እያልኩ የሰበክሁት እኔ ነኝ። … ሰምተውኛል። ችግሩም እሱ ነው። ራስል፣ አንተም ሰባት ነበር? … ነው ይላል። ዴልማርም። … ስምንት ነን። … ለባለትዳሮቹ ጣሪያው ከፍ ይላል? እንግዲያ አምስት ነን። … አዎ፣ አምስታችንም ላጤ ነን። ምሰሶ ላይ የሚኖርን ማን ያገባል?

— ነገ ከስንት ሰዓት ነው የሚቀመጡት? … ሦስት ሰዓት፣ ሰልፉ ግን… በኋላ በር? ከመከፈቱ በፊት? ለእኛ ብለው? …

— ራስል፣ ለሌሎቹም ንገራቸው፣ ነገ ጠዋት አምስታችንም ቤተ መጻሕፍቱ ነን። … እሺ፣ ሁለት ሰዓት ላይ። ቦት ጫማችንን ጠርገን ነው የምንገባው። ይኑሩልኝ።