የታላቁ ልጅ ዕጣ

— ሄሎ?... ሄሎ! አንተ ልጅ፣ አራት ጊዜ ደውዬልህ አሁን ነው የምታየው?... ኧረ ማንም አልሞተም! እህትህ ስትደውል ሁሌ መርዶ ነው እንዴ?... ልብስ መስፊያ ቤቴ ነኝ፣ የቅዳሜው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ... ዝም በሉ እስቲ እናንተ፣ እሱ ነው የደወለው! — ቁጭ በል፣ ወሬ አለኝ።... ከቆምክም ግድግዳ ያዝ።

— ስለ ጋሼ ነው፣ ስለ ታላቃችን።... እንዳትዘጋ! በሞቴ እንዳትዘጋ!... አውቃለሁ። የአባባ ቀብር ቀን መንገድ ይዞህ አርፍደህ ብትመጣ በሩን እንደዘጋብህ አውቃለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ሁለት ዝሆን ሲጣላ ሣሩ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ግን ስማኝ።

— እኛ እኮ ምሳሌውን አንብበን ብቻ አንለቅም። ሰዎቹን ወረቀት ላይ ጽፈን አዝራር ማስቀመጫ ቆርቆሮዬ ውስጥ እንጨምራለን፤ ዕጣው የደረሰው ያንን ሰው ሆኖ ይናገራል። ባለፈው እኔ ዘሪው ነበርኩ... አትሳቅ! ዛሬ የጠፋው ልጅ ተራ ነው። ጋሼ እጁን ሰደደና... አዎ! ታላቁ ልጅ! ሰፈሩ «ውሃ ልክ» የሚለው አናጢ፣ አንድ ሚሊሜትር ለማንም የማይምር ሰውዬ!

— ታላቁ ልጅ ተቆጥቶ አልገባም ይል የለ? ጋሼም በሩን ከፍቶ ወጣና ደጅ ቆመ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ያገለገልኩት እኔ፣ አባቴን ያስታመምኩት እኔ!» ይላል። እኛ ደግሞ፣ አፈር በሆንን፣ አገር ሰላም ብለን እናጨበጭብለታለን!... አብራን የምታጠናዋ ዳቦ ጋጋሪማ «ይደገም!» አለች። ምሳሌው ላይ እኮ ማስታመም የሚባል ነገር የለም። ያኔ ደነገጥኩ።

— ወጣሁ። ግንባሩን መቃኑ ላይ ደግፎ ይነፋረቃል። «ጋሼ፣ በቃ ግባ» አልኩት። «እኔ ገብቼ እሱ ውጭ ሊቀር ነው? በር ስሠራ ኖሬ በወንድሜ ላይ በር ዘጋሁ» አለኝ።... ጋሼ ነዋ! እኔ ከየት አመጣዋለሁ? — መምህር፣ ዋሸሁ?... «እውነቷን ነው» ይሉሃል። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ይዋሻል?

— እና አልገባም። የሥራ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ዳቦ ጋጋሪዋን «በመኪናሽ አድርሺኝ» ብሎ ሄደ።... የት? አንተ ጋ ነዋ!... አድራሻህን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከፈለግክ ተቀየመኝ።

— ቆይ አንዴ። መምህር፣ በእርስዎ ስልክ ማነው?... ዳቦ ጋጋሪዋ? ደረሱ?... አላንኳኳም?! — አንተ፣ ትሰማኛለህ? በመስኮት ተመልከት። የዳቦ መኪና ቆሟል?... ሽርጥ ያደረገ ሰውዬስ?... እሱ ነው። ሩብ ሰዓት ሆነው። እጁን ያነሳል፣ መልሶ ያወርዳል አለች። ጋሼ ፈራ! ጋሼ እኮ ነው!

— ታላቅማ ታላቅ ነው። ግን ታላቁ ልጅ ደጅ ሲቆም ማነው ወጥቶ የለመነው?... አባባማ የለም። አሁን ቤት ውስጥ ያለኸው አንተ ነህ።... ምን ልበለው ትላለህ እንዴ? «ግባ» በለዋ!

— ስልኩን ሳትዘጋ ይዘኸው ውጣ።... ደረጃውን እየወረደ ነው፣ ኮቴው ይሰማኛል... ኧረ ዝም በሉ!... ሄሎ?... ሄሎ?... ማነው የሚያለቅሰው?... ሁለቱም ናቸው!... ሄሎ? ጋሼ? ጋሽዬ፣ የት ሆነህ ነው?... ወንበር ላይ? የእሱ ወንበር ላይ?... ምን?... አንዱ እግሩ አጥሮ ይንገዳገዳል?... አይ ውሃ ልክ! አምስት ዓመት ቆይተህ ወንበሩን ታማለህ?... ታዲያ ሥራለታ! መጋዝ ከሌለው እኔ አመጣለሁ።... በል ዝጋው፣ እኔን ተወኝና ከወንድምህ ጋር አውራ።

— እልልልል! መምህር፣ «መጽሐፉ ታላቁ ልጅ ገባ ወይም አልገባ አይልም» ሲሉን አልነበር? እርሳስዎን ያንሱና ጠርዙ ላይ ይጻፉልኝ፤ ገባ!