መድኑ የማይሸፍነው መርፌ

ከባምባሲ ወደ አሶሳ በሚሄደው ሚኒባስ ከጎኔ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች፣ አንዷ መምህርት ሌላዋ ነጋዴ፣ ያወራሉ።

«ስኳሬን ያባባሰው ውፍረቴ ነው ብሎ ሐኪሙ የሚያከሳ መርፌ አዘዘልኝ» አለች መምህርቷ።

«የጤና መድን አለሽ አይደል?» አለች ነጋዴዋ።

«አለኝ። ይሄ ለቁንጅና ነው፣ አንሸፍንም አሉኝ።»

«ሐኪም ጽፎ የለ?»

«ወረቀቱን አሳየኋቸው። ምግብ ቀንሺ ብለው መለሱልኝ።»

«ወላሂ፣ እነሱ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆኑ?»

«እንደ እህቴ እግሬ ቢቆረጥስ ብዬ ጠየቅኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«የመድን ቢሮው ፀሐፊ መዝገቡን ገልጣ አየችልኝ። መቁረጡ ይሸፈናል አለች።»



አሶሳ መናኸሪያ ደርሰን መምህርቷ ያበጠ እግሯን ቀስ ብላ ጫማዋ ውስጥ ስታስገባ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።