ተጠርተን ነው የገባነው

በየካቲት 1972 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ በዲላ ከተማ፣ በጋሽ ባህሩዲን ሱቅ በረንዳ ላይ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ባለሱቁ ጋሽ ባህሩዲን፣ የእኅታቸው ልጅ ነዚፍ እና በረንዳው ላይ ልብስ የምሰፋው እኔ ደመላሽ። ነዚፍ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ለሕክምና ትምህርት ወደ ሞስኮ እንዲሄድ ተመርጦ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ረህማ «ወንድሜ ከፈቀደ» ብለዋል። ወንድማቸው ግን አልፈቀዱም።

ጋሽ ባህሩዲን ሬዲዮናቸውን ወደ ጀርመን ጣቢያ ሲያዞሩ የእኔ ሥራ የስፌት መኪናዬን ያለ ክር መርገጥ ነበር፤ በመንገድ የሚያልፍ የቀበሌ ጠባቂ የመኪናዬን ድምፅ ብቻ እንዲሰማ። የዚያን ዕለት ወሬው የሶቪየት ጦር ስለገባባት አፍጋኒስታን ነበር። ሬዲዮው ሲዘጋም መርገጤን አላቆምኩም።

«ሰማህ ነዚፍ? የምትሄድበት አገር ሥራ ነው።»

«አጎቴ፣ የአገሩ መንግሥት ጠርቷቸው እኮ ነው የገቡት።»

«ጠርቷቸው! ጠራቸው የተባለው መሪ በገቡ ሰሞን ተገደለ። አንተ ቤት የተጠራ እንግዳ እንዲህ ያደርጋል?»

ጋሽ ባህሩዲን ሬዲዮውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«በ1949 ሀንጋሪ ሲገቡ ተጠርተን ነው አሉ። በ1960 ፕራግ ሲገቡም ያንኑ አሉ፤ ይርጋጨፌ ሆኜ በዚችው ሬዲዮ ሰምቻለሁ። ታንኩም ያው፣ ቃሉም ያው። ሰለቸኝ እኮ ልጄ!»

«አሜሪካስ ቬትናምን አልወረረችም?»

«ወርራለች። እሷን ጮክ ብለን ስናወግዝ ግን ደመላሽ እግሩን አይደክመውም።»

ነዚፍ ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው» አሉ ጋሽ ባህሩዲን። «ፕራግ ከገቡት መካከል የሀንጋሪ ወታደሮች ነበሩ። የተወረረው ሰውዬ ዞሮ ከወራሪው ጋር ዘመተ። አንተስ እዚያ ኖረህ ስትመለስ የማን ሰው ትሆናለህ?»

ነዚፍ መንገዱን ግራ ቀኝ አየ። «ልክ ነዎት፤ ወረራ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ቃሉ ሲወጣ እግሬ በራሱ ፈጠነ። «ግን አጎቴ፣ መኪና መንዳት ማን አስተማረዎት?»

ጋሽ ባህሩዲን ፊታቸውን አዞሩ። «ጣልያን ነዋ።»

«ተጠርቶ ነው የመጣው?»

«ምን ተጠርቶ! ላሠለጥናችሁ መጣሁ ይል ነበር።»

«ታዲያ የጣልያን ሰው ሆኑ?»

«እኔ? እሱ ሲወጣ በዚያው ሙያ ለአገሬ ሰው ጨው አመላለስኩበት እንጂ!»

«እኔም እንደዚያው ነኝ። ከኮንጋ መንደር በቃሬዛ የወረደ በሽተኛ የት ተማርክ ብሎ አይጠይቀኝም።»

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ይህን ያህል ግን ገባኝ። ወረራን ወረራ ማለት ከወራሪው አገር ዕውቀት ከመውሰድ አይከለክልም። ዕውቀቱን ብንተው የምንጎዳው እኛው ነን፤ ቃሬዛውን የምንሸከመው እኛ ነንና።

«ሂድ እሺ» አሉ ጋሽ ባህሩዲን በደከመ ድምፅ። «እዚያ ከጠየቁህ ተጠርተው ነው በል፤ የታሰረ ሐኪም ምን ያደርግልኛል? እኔ ቤት ስትመለስ ግን እንዳትለኝ።»

ነዚፍ በመስከረም ሄደ። የአፍጋኒስታን ወሬ ሲመጣ ጋሽ ባህሩዲን ሬዲዮውን ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ፤ እኔም ያለ ክር እረግጣለሁ።