የቡሬ ጾም

መቼም ጥንቸል በእኛ በደብረ ታቦር አይበላ፣ አይሸጥ፤ በነጻ ስጡኝ የሚልም የለ። ከማረባቸው ሁለት ጥንቸሎች ሴቷ በላይ በላዩ እየወለደች ብታስቸግረኝ፣ እናቴ እንደ በሬ «ቡሬ» እያለች የምትጠራውን ወንዱን ላስኮላሽ ተነሣሁ። የከብት ሐኪሙ «እንደ ልማዱ ይብላና አምጣው» አለኝ። ለእናቴም እንደዚያው ነገርኋት። «እሺ» አለች። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ፤ ቡሬ ግን ጎመን ቢቀርብለት ፊቱን አዞረ። በማግሥቱም አልበላም፤ በጠጥም አልጣለም፤ ሆዱ ደርቆ ቀረ። ከእናቴ ጋር ይዘነው ወደ ሐኪሙ ተመለስን።

ሐኪሙ «ከቀዶ ጥገናው በፊት በልቶ ነበር?» ሲል እኔ «አዎ» አልሁ። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ኧረ በስመ አብ! ኮሶም ጸበልም በባዶ ሆድ አይደል? ከዋዜማው ጀምሮ ቅጠል አላስቀመስሁትም። ብቻውን እንዳይሆን እኔም አብሬው ጾሜያለሁ» አለች፣ እንደሚያመሰግናት ሁሉ። ሐኪሙ መርፌ ወጋውና እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ። «ጥንቸል እንደ እኛ ጾም አይችልም። ሆዱ ባዶ ሲሆን አንጀቱ ሥራ ያቆማል» አለኝ ቀስ ብሎ።

ቡሬ ሳይመሽ ሞተ። ምን አስቸኮለኝ! ቢዋለዱስ ጓሮው መች ጠበባቸው? ቀብሬው ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሐኪሙ ያለውን ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አይዞህ ልጄ፣ እኛስ የሚገባውን አድርገናል። ጾሞ ነው የሄደ።»