የሐኪሟ ጂፕ የኋላ ፍሬን

ምስክር፦ የጋራዡ ባለቤት የእህት ልጅ፣ በሠፈሩ «እጄ» ተብላ የምትጠራ
ዕድሜ፦ 16
አድራሻ፦ ከጋራዡ ጀርባ ያለው ክፍል
ቃሏን የሰጠችበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ አመሻሽ ላይ
አብሮ የተገኘ፦ አሳዳጊ አጎቷ

ዛሬ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን ነው። የምናገረው ነገር ይጥቀም አይጥቀም እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው ፊት ስቀርብ ድምፄ ይጠፋል። መርማሪው ደጋግመው «ምን አልሽ?» ሲሉኝ ቆይተው ወንበራቸውን አስጠግተው ነው ቃሌን የጻፉት።

ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ከወንድሟ ጋር ነው። አጎቴ መካኒክ ነው። ድሮ ሲበይድ ሁለቱም መዳፎቹ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ስለተቃጠሉ ሙቀት አይለይም፤ የጋለ ብረት ቢይዝ እንኳ የሚያውቀው ቆዳው ሲሸተው ነው። ስለዚህ መኪና ተነድቶ ሲመጣ ጎማዎቹን ዳስሼ የትኛው እንደጋለ የምነግረው እኔ ነኝ። «እጄ» የሚለውን ስም ያወጣልኝም በዚህ ምክንያት ነው።

ጠፋች የተባለችውን የእንስሳት ሐኪም የማውቃት በዚሁ ሥራ ነው። በአሮጌ ጂፕ ገጠር ለገጠር እየዞረች ከብት ታክማለች። መጀመሪያ ቀን አንቱ ስላት «ኧረ ተይኝ፣ ገና አላረጀሁም» አለችኝ። ስናገር ስለማይሰማት አንድ ቀን የልብ ማዳመጫዋን አውጥታ ጉሮሮዬ ላይ ለጠፈችና «በይ አሁን ተናገሪ፤ አንቺን ለመስማትማ መሣሪያ ያስፈልጋል» ብላ አሳቀችኝ።

ባለፈው ወር የመጣችው የጂፑ የእጅ ፍሬን አልለቅ ብሏት ነው። በኋላ ጎማዎቹ ላይ ካሊፐር የሚባል፣ የፍሬን ሸራ ይዞ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ግራና ቀኝ የሚጨምቅ ብረት አለ። የእጅ ፍሬን ሲሳብ በየካሊፐሩ ላይ ያለች አጭር ክንድ ትዞራለች፤ ሲለቀቅ ደግሞ መመለስ አለባት። የሐኪሟ ጂፕ ክንዶች ዝገው ስለነበር ከዞሩ አይመለሱም። አጎቴ በመዶሻ መትቶ መለሳቸውና አዲስ ካሊፐር እስኪመጣ ድረስ የእጅ ፍሬኑን ፈጽሞ እንዳትስብ ነገራት። እኔ እጀታውን ወደ ታች አስተኝቼ በጥቁር ፕላስተር ጠፈርኩት። ዳገትና ቁልቁለት ላይ ስታቆም ጎማ ሥር የምታስገባው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ድንጋይም መረጥኩላት፤ ረስታው እንዳትሄድ ቀይ ጨርቅ አሰርኩበት። ከዚያ ወዲህ በቆመች ቁጥር መጀመሪያ የምታወርደው ድንጋዩን ነው። «ባሌን እንኳ እንዲህ ተሸክሜው አልዞርም» ትል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለሥራ ወጥታ አልተመለሰችም። ባለቤቷ ማክሰኞ ጂፑን ጫካው መግቢያ ላይ ባዶውን ቆሞ እንዳገኘው ተናገረ። ሠፈርተኛው በሙሉ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጫካውን እያሰሰ ነው።

ትናንት ረቡዕ ከምሳ በኋላ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ጂፑ ወደ ጋራዡ መጣ። ከመታየቱ በፊት ድምፁ ተሰማ። ከእናቱ የተለየ ጥጃ ይመስል ነበር። ውሻችን የሐኪሟን ጂፕ ሲያይ ጭራውን እየቆላ ነበር የሚሮጠው። ትናንት ግን ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሄዶ ከበርሜሎቹ ጀርባ ገባ። የወረደው ባለቤቷ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ በውኃ የተበጠረ ነበር።

«ጋሼ፣ ከኋላ ይይዘዋል። ብቻ እንዳይጮህ ያድርጉልኝ» አለ።

«ጩኸቱን ተወው፤ ሐኪሟስ? ወሬ አለ?»

«ትመጣለች። ስትመጣ መኪናዋ እያለቀሰ እንዲቀበላት አልፈልግም።»

ዳቦ ልትገዛ የወጣች ያህል ነበር አነጋገሩ።

ጎማዎቹን ዳሰስኩ። የፊቶቹ ቀዝቃዛ ናቸው። የኋላዎቹ ግን ሳልነካቸው ገና ወላፈናቸው መዳፌን መታው። ለአጎቴ «ሁለቱም» አልኩት።

«እኩል? መንታ ናቸው እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ሳቁን ትቶ ክሪክ ሊያመጣ ሄደ። ዝገት ብቻ ቢሆን አንዱ ከሌላው ይበልጥ ነበር። ሁለቱም እኩል ከጋሉ ምክንያቱ የጋራ ነው፤ ወይ የፍሬን ዘይቱ መመለሻ አጥቷል፣ ወይ የእጅ ፍሬኑ ተስቧል።

በክሪክ አነሳነው። ጎማዎቹ በእጅ አልዞር አሉ። አጎቴ ካሊፐሩ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ አደረገና «ዘይት ታፍኖ ከሆነ አሁን ይለቃል» አለኝ። ጥቂት ዘይት ጠብ ጠብ አለ እንጂ ጎማው አልተነቃነቀም። እስኪበርድ ጠብቀን ጎማዎቹን ፈታን። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ቅባት አላቸው፤ አልተያዙም። የቀረው የእጅ ፍሬኑ ነው። ባትሪ ይዤ ከሥር ገባሁ። ሁለቱም ክንዶች እስከ መጨረሻው ዞረው ነበር።

አጎቴ «የእጅ ፍሬኑን ሳብከው እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

«እኔ? አልነካሁትም። እሷ እንዳቆመችው ነው ያመጣሁት።»

እጀታውን ለማየት የጂፑን በር ከፈትኩ። ወደ ታች ተኝቷል፤ ፕላስተሬ ግን የለም። ተልጦ፣ ተጠቅልሎ፣ የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ተቀምጧል። ድንጋዩ ከመቀመጫው ኋላ በቦታው አለ፤ ቀዩ ጨርቅ የጫካው ጭቃ አልነካውም። ከጎኑ የሐኪሟ ቦት ጫማዎች ታጥበው፣ ሰው የቆመባቸው ይመስል ቀጥ ብለው ነበር። እነሱን ሳታደርግ ጭቃ ውስጥ ገብታ አታውቅም።

ዲስኮቹ በሙቀት ሰማያዊ ሆነዋል፤ ሸራው ነዶ አልቋል። ከጫካው መግቢያ እስከ ጋራዡ ያለው መንገድ ሜዳና አጭር ስለሆነ ያን ያህል ሊያነደው አይችልም። መኪናው ፍሬኑ እንደያዘው ብዙ መንገድ ተነድቷል ማለት ነው። የጎማው መሐል ቅባትም ቀልጦ ወርዶ ነጭ ዱቄት ተጋግሮበታል። በጥፍሬ ፍቄ ላብ ባለው መዳፌ ላይ ሳደርገው መጀመሪያ አሳከከኝ፣ ቀጥሎ አቃጠለኝ። አውቀዋለሁ፤ የጋራዡን ግድግዳ ኖራ ስቀባ እንዲሁ አድርጎኛል። ኖራውን ያመጣነው ከተራራው ማዶ ካለው፣ ሥራ ካቆመው የኖራ ማቃጠያ ነው። መንገዱ እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ አቧራ ነው። ጫካው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ቀና ስል ባለቤቷ ራሴ ላይ ቆሟል። ሲመጣ አልሰማሁትም።

«ምን አገኘሽ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

መዳፌን ጨብጬ «ምንም» አልኩት። አጎቴ ከጋራዡ ጫፍ ሆኖ ዘወር አለ፤ እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

ቀጥሎ አጎቴ ክንዶቹን በመዶሻ መታ። የቀኙ ለቀቀ። የግራው ሲለቅ ጂፑ እፎይ የሚል ድምፅ አወጣ፤ ዲስኩም ማንም ሳይነካው ትንሽ ዞሮ ቆመ። ባለቤቷ ወደ ኋላ አፈገፈገና «ተይ!» አለ። ለእኔ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ያየው የነበረው ባዶውን የሾፌር መቀመጫ ነው።

አጎቴ «ሸራ የለኝም፣ ይደር» ሲለው ጃኬቱን ሳይወስድ በእግሩ ሄደ። በኋላ አጎቴ «ነገ አብረን እንሄዳለን፤ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ። እኔ ምን ዳስሻለሁ?» አለኝ።

ሐኪሟ ያንን እጀታ አትስበውም። የሳበው ስለ ፍሬኑ የማያውቅ ሰው ነው፤ ኖራው ጋ አቁሞ ስቦታል፣ ሲመለስ ደግሞ አልለቅ ብሎት እየጎተተ ነድቷል። ሁላችንም የምንፈልጋት በሌለችበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ቃል በአጎቴ ፊት ተነቦልኛል። ያየሁትንና የዳሰስኩትን ብቻ ነው የተናገርኩት፤ ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላስጠናኝም።

ከተነበበልኝ በኋላ ያስጨመርኩት፦ መርማሪው የተራራው መንገድ በጭጋግ ስለማይወጣ ነገ ሲነጋ እንደሚሄዱ ነግረውኛል። አብሬ እሄዳለሁ። ማቃጠያዎቹ እንደ ጉድጓድ ጥልቅ ናቸው፤ ታች ያለ ሰው ቀስ ያለ ድምፅ አይሰማም። በእያንዳንዱ አፍ ላይ ቆሜ፣ መሣሪያ ሳያስፈልጋት እንድትሰማኝ አድርጌ፣ እጠራታለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ፈርማለች
የአሳዳጊ አጎት የጣት አሻራ፦ ተደርጓል፤ መስመር አልወጣም
የመርማሪው ፊርማ፦ ፈርመዋል